የስክሪን ቁልፍ አልከፈት ሲል 777 አትስጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ላይ የሊኑክስ ስክሪን ቁልፍ ትክክለኛ ፓስወርድ ተሰጥቶት እንኳ አልከፍት ሲል ምን ማድረግ እንደሚቻል የወጣውን ምክር አነበብኩ። አምደኛው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ምክራቸው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛ፣ የግል ፋይሎቻችሁ ያሉበትን ሆም ፎልደራችሁን በሙሉ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ «ችሞድ 777» በሉት፤ ይህ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲጽፍበትና እንዲያስኬደው የሚፈቅድ ትዕዛዝ ነው። ሁለተኛ፣ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጋችሁ አጥፉ። ሁለቱም ጉዳት አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ችግሩን አይፈቱትም። ሰው ጋዜጣ ላይ ያነበበውን አምኖ ይሠራበታል፣ ለዚህ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት።

እኔ በየቀኑ ብዙ ሰው የሚጋራቸውን ኮምፒውተሮች የምከታተል ሰው ነኝ። ይህ ችግር በተደጋጋሚ ይገጥመኛል፣ እና ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነገሩ የሚያልቀው አንድ ጥያቄ ስትጠይቁ ነው፤ ይህ ፋይል የማን ነው? ፈቃዱን ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን እዩ። አምዱ ላይ ይህ ጥያቄ አንዴም አልተነሳም።

መጀመሪያ ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፣ ምክንያቱም ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን ችግር ያለማንም እርዳታ ይፈታዋል። የስክሪን መቆለፊያ ፓስወርዳችሁን አያውቀውም። ፓስወርዱ ተመልሶ ወደማይፈታ ኮድ ተቀይሮ ሻዶው የሚባል ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ፋይል ተራ ተጠቃሚ ማንበብ አይችልም። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ፈቃዱ 640 ነው (ሦስቱ ቁጥሮች በየተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌላው ሰው መብት ናቸው)፤ ባለቤቱ ሩት የሚባለው የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ፣ ግሩፑ ደግሞ ሻዶው። ፌዶራ ላይ ጭራሽ 000 ነው፣ ከሩት በቀር ማንም አይደርስበትም። መቆለፊያው ግን የሚሠራው በእናንተ ስም ነው። ታዲያ እንዴት ያመሳክራል?

ዩኒክስ ቼክ ፓስወርድ የሚሉት አንድ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ላይ ልዩ የፈቃድ ምልክት አለበት፤ ሴትዩአይዲ ወይም ሴትጂአይዲ ይባላል። ምልክቱ ካለ፣ ፕሮግራሙን ማንም ያስነሳው ማን፣ ሲሠራ የሩትን ወይም የሻዶው ግሩፕን ሥልጣን ይዞ ነው። ዴቢያን ላይ 2755 ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሌሎች ብዙ ስርጭቶች ላይ 4755። የሚያመሳክርላችሁም የራሳችሁን ፓስወርድ ብቻ ነው። እንደ አይ3ሎክና ስዌይሎክ ያሉ በተጠቃሚው ስም የሚሄዱ መቆለፊያዎች የሚተማመኑት በዚህ ነው፤ ኬዲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ መቆለፊያም እንደዚሁ። ግኖም በሚባለው ሌላው ዴስክቶፕ ላይ ማመሳከሩን የሚሠራው በሩት ስም የሚሄደው የመግቢያ ፕሮግራም ጂዲኤም ስለሆነ፣ እዚያ ይህ ዓይነቱ ብልሽት ብዙም አይታይም።

አሁን ይቺ አንዲት ምልክት ብትጠፋስ? ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ በፓስወርዳችሁ በሰላም ትገባላችሁ፣ የመግቢያው ፕሮግራም በሩት ስም ስለሚሄድ ረዳት አያስፈልገውም። ስክሪኑ ከተቆለፈ በኋላ ግን ያንኑ ፓስወርድ ስትጽፉ «ተሳስተሃል» ይላችኋል። ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ካፕስ ሎክ ታያላችሁ፣ ያው ነው። ሰው እዚህ ጋ ተሰብሮብኝ ነው ወይ ተጠልፌ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ፎርማት ያደርገዋል፣ ችግሩ ግን ከአንድ ፋይል ላይ የወደቀች አንዲት ምልክት ናት።

ምልክቷ የምትጠፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ ነው። ሲስተሙን ወደ ሌላ ዲስክ ስትገለብጡ ፈቃድ የማይጠብቅ አገለባበጥ ከተጠቀማችሁ ትጠፋለች። የፋይሉን ባለቤት በ«ችኦውን» ስትቀይሩ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ ምልክቷን ያነሳታል፤ መልሳችሁ ለሩት ብትሰጡትም ምልክቷ አብራ አትመለስም። የሲስተሙ ፕሮግራሞች ያሉበት ዩኤስአር ፎልደር ላይ ከነንዑሳኑ «ችሞድ 777» ያለ ሰው ካለም ጠፍታለች፣ እሷ ብቻ ሳትሆን የሱዶም ምልክት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ሱዶ ራሱ ባለቤቴ ሩት ካልሆነና ሴትዩአይዲ ካልኖረኝ አልሠራም ይላል። አያችሁ፣ 777 ሁሉንም የሚፈቅድ ይመስላል፣ ነገር ግን ከፊቱ ያለችውን አራተኛ ቁጥር ያጠፋል። አምደኛው ሆም ፎልደር ብለው ነው እንጂ ዩኤስአር አላሉም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን 777 መድኃኒት ነው ብሎ የተማረ ሰው ሆም ላይ አልሠራ ሲለው ቀጥሎ የት እንደሚሞክረው መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጉት ይህ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር የጽሑፍ መግቢያ ይመጣል። እዚያ በስማችሁና በፓስወርዳችሁ ግቡ። ከገባችሁ ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ ያለው በመቆለፊያው በኩል ነው። የዩኒክስ ቼክ ፓስወርድን ፈቃድ በ«ኤልኤስ -ኤል» እዩ፤ ከፈቃዱ ፊደላት መሀል «ኤስ» ከሌለች አገኛችሁት ማለት ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፓም የሚባለው የፓስወርድ ማመሳከሪያ ሥርዓት ረዳት ፕሮግራሞች ያሉበትን ፓኬጅ መልሶ መጫን ያስተካክለዋል። ፌዶራና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ የአርፒኤም ማረጋገጫ የትኛው ፋይል ከመጀመሪያው ፈቃዱና ባለቤቱ እንደወጣ ነግሯችሁ፣ ወደነበረበት የሚመልስ ትዕዛዝም አለው። ቁጥሩን ከጭንቅላታችሁ አትስጡት፣ ፓኬጁ ያውቀዋል።

ጥቁሩ መግቢያም እምቢ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ኪቦርዱ ወደ ሌላ ቋንቋ ተቀይሯል፣ ወይ ደግሞ ፌይሎክ የሚባለው ዘግቷችኋል። ፌይሎክ የተሳሳቱ ሙከራዎችን በየተጠቃሚው ስም በተከፈተ ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ካልተቀየረ በቀር በ15 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ10 ደቂቃ ይዘጋችኋል፣ በዚያ መሀል ትክክለኛውን ብትጽፉም አይሰማችሁም። አስቡት፣ በድንጋጤ ደጋግሞ የሚጽፍ ሰው ራሱን በራሱ እየዘጋ ነው! እጃችሁን ከኪቦርዱ አንስታችሁ ጠብቁ፣ ወይም በሩት በኩል መዝገቡን አጽዱት። የዚህ መዝገብ ባለቤት ራሱ ተጠቃሚው ነው፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው፣ በተጠቃሚው ስም የሚሄድ መቆለፊያ ሊጽፍበት እንዲችል። ባለቤቱን በስህተት ወደ ሩት የቀየረ ሰው ሌላ ችግር ፈጠረ ማለት ነው።

ወደ ሆም ፎልደር ልመለስ። አምደኛው 777 ያሉበትን ምክንያት እገምታለሁ። ሰው ግራፊክ ፕሮግራም በሱዶ ያስነሳል፣ ያ ፕሮግራም በሩት ስም እየሄደ በእናንተ ሆም ውስጥ ፋይል ይጽፋል፣ ከዚያ ፋይሉ የሩት ይሆናል። በብዛት የሚጠቁት በነጥብ የሚጀምሩት ሁለቱ ድብቅ ፋይሎች ናቸው፤ ኤክስ-ኦቶሪቲ እና አይስ-ኦቶሪቲ። የመጀመሪያው ከስክሪኑ ጋር መነጋገር የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ የሚያሳይ ምስጢር ይይዛል። ፈቃዱ 600 መሆን አለበት፣ ባለቤቱ እናንተ። የሩት ከሆነ ማንበብ አትችሉም። ማንበብ ካልቻላችሁ ፓስወርድ ጽፋችሁ ትገቡና ወዲያው ወደ መግቢያው ትመለሳላችሁ፣ ወይም መቆለፊያው ከስክሪኑ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ብሎ ሳይነሳ ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ተቆልፏል ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ ስክሪኑ ግን ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው።

ለዚህ 777 ለምን አያስፈልግም? አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፋይል የማጥፋትና ስሙን የመቀየር መብት የሚመጣው ከፋይሉ አይደለም፣ ፋይሉ ካለበት ፎልደር ነው። ሆም ፎልደሩ የእናንተ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለውን የሩት የሆነ ኤክስ-ኦቶሪቲ ያለ ሱዶ ስሙን ቀይራችሁ ወደ ጎን ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ ስትገቡ አዲስ በስማችሁ ይፈጠራል። አለቀ። ወይም አንድ ጊዜ በሱዶ ባለቤትነቱን ወደ ራሳችሁ መልሱት። ሌሎችም በሩት ስም የቀሩ ፋይሎች እንዳሉ ለማወቅ «ፋይንድ» የሚለው ትዕዛዝ በባለቤት ስም ይፈልግላችኋል።

777 ግን በሩ አልከፈት ስላለ ግድግዳውን እንደማፍረስ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ መለያ ያለው ሌላ ሰው ሁሉ ደብዳቤዎቻችሁን፣ የብራውዘራችሁን ኩኪዎች፣ ያንን የስክሪን ምስጢር ጭምር ማንበብና መቀየር ይችላል። ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የምትገቡበት የኤስኤስኤች የግል ቁልፋችሁም ፈቃዱ በጣም ሰፊ ነው ተብሎ ሥራ ላይ አይውልም፤ ሰርቨሩም ሆማችሁን ሌላ ሰው ሊጽፍበት እንደሚችል ካየ በቁልፍ መግባትን ይከለክላል። ስክሪን ቁልፍ ልታስተካክሉ ጀምራችሁ ከርቀት መግባት ተበላሸ።

ሌላ ሰው የማይጠረጥረው ቦታም አለ። ራን ስር፣ ዩዘር ውስጥ፣ በተጠቃሚ ቁጥራችሁ የተሰየመ ፎልደር አለ፣ ፈቃዱ 700። በሱዶ የተነሳ ፕሮግራም እዚያ ያለውን፣ ቅንብሮችን የሚያስተዳድረውን የዲኮንፍ ፋይል የሩት አድርጎት ከሄደ፣ ስክሪኑ በ5 ደቂቃ ይቆለፍ ብላችሁ ያስተካከላችሁት ቅንብር አይያዝም። ተርሚናል ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» እያለ ያማርራል። ፎልደሩ ያለው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ሪስታርት ያጠፋዋል፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ሪስታርት ሳደርገው ለቀቀኝ የሚለው። ልማዱ ካልተቀየረ ግን ይመለሳል።

አሁን ቴምፕ። ቴምፕ ፎልደር ሁሉም የሚጽፍበት የጋራ ቦታ ነው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የማጥፋት መብት ከፎልደሩ ስለሚመጣ፣ ሁሉም የሚጽፍበት ፎልደር ውስጥ ሁሉም የሁሉንም ማጥፋት ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን የምትከለክለው ስቲኪ ቢት የምትባል ምልክት ናት። በ«ኤልኤስ» ስታዩ መጨረሻ ላይ «ቲ» ሆና ትታያለች፣ በቁጥር 1777። እዚህም ላይ «ችሞድ 777» ያለ ሰው ያቺን 1 አጠፋት። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ተጠቃሚ የሌላውን ሶኬት (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበትን ፋይል) አንስቶ የራሱን ሊተካበት ይችላል። ቴምፕ ውስጥ ያለው የኤክስ11 (ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ባጭሩ ኤክስ) ሶኬት ፎልደርም ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 1777 መሆን አለበት፤ ሁለቱንም ተመልከቱ።

ሁሉን ጠርጋችሁ አጥፉ የሚለው ምክርስ? ሰው እየሠራ ባለበት ሰዓት ቴምፕን ባዶ ማድረግ ቆሻሻውን ከሚሠራው ጋር አብሮ መጣል ነው። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ሶኬቶች እዚያ ናቸው። የኤክስ ሶኬት ከጠፋ አዲስ የሚነሳ ፕሮግራም ከስክሪኑ ጋር መገናኘት ሊያቅተው ይችላል፣ መቆለፊያውም አዲስ የሚነሳ ፕሮግራም ነው። የተርሚናል ሥራን ከኋላ የሚያቆየውን ቲመክስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የከፈተው ሥራ ከኋላ እየሄደ መመለሻ ያጣል። ተረፈ ፋይሎችን ሲስተሙን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ራሱ በጊዜው ያጸዳል፣ የራሱ መነሻ ደንብ ለቴምፕ 10 ቀን፣ ለቫር-ቴምፕ 30 ቀን ነው፣ ስርጭቶች ሊቀይሩት ቢችሉም። የኤክስ ሎክ ፋይልና ሶኬቶችን ደግሞ በዚህ ጽዳት ለይቶ ይተዋቸዋል። ሰው ከዚያ የባሰ ጅምላ ጽዳት ለምን ያደርጋል?

መነሳት ያለባቸው ተረፈ ፋይሎች አሉ፣ እሱን አልክድም። ግን በስም ይታወቃሉ። አንደኛው ቴምፕ ውስጥ ያለው ኤክስ-ዜሮ-ሎክ ነው። በውስጡ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስክሪኑን የያዘው ፕሮግራም የፕሮሰስ ቁጥር። ኤክስ በድንገት ከተቋረጠ ፋይሉ ሊቀር ይችላል። ኤክስ ሲነሳ ቁጥሩን አንብቦ ያ ፕሮሰስ ከሌለ ራሱ ያነሳዋል፣ ያ ቁጥር ለሌላ ፕሮግራም ተሰጥቶ ከሆነ ግን ሰርቨሩ ቀድሞ ተነስቷል ብሎ ይቆማል። ፋይሉን ክፈቱ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ የሚሄዱ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው «ፒኤስ» የማን እንደሆነ እዩ፣ የኤክስ ካልሆነ ብቻ አጥፉት። ሌሎቹ በሆማችሁ ውስጥ በኤክስ-ኦቶሪቲ ስም ጀምረው በሰረዝ ሲና በሰረዝ ኤል የሚያልቁት ናቸው። እነሱ ሥራው መሀል ላይ ሲቋረጥ የሚቀሩ ናቸው፤ የኤክስ-ኦቶሪቲ መሣሪያው ፋይሉን መያዝ አልቻልኩም ብሎ ጊዜ ካለፈበት እነዚያን አንሱ። ሌላ ምንም አትንኩ።

ዲስኩ ሞልቶም ሊሆን ይችላል፣ ይህን «ዲኤፍ» ይነግራችኋል። ቦታ ሳያልቅ የፋይል ቁጥር ማስቀመጫው ማለትም አይኖድ ሊያልቅ ስለሚችል እሱንም ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ እየተቀባበሉ የሚጠቀሙበት ስክሪፕት አለ። ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ያደበዝዘዋል፣ ያንን ምስል ለአይ3ሎክ ይሰጠዋል። ያምራል። ችግሩ ፎቶው ቴምፕ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስም መቀመጡ ነው። ከመደብዘዙ በፊት የነበረው ፎቶ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራል፣ ፈቃዱም ማንም እንዲያነበው ክፍት ነው። ስክሪን ቆለፍኩ ያለ ሰው በዚያች ቅጽበት ያነበበውን ደብዳቤ ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ትቶ ሄደ ማለት ነው። ሁለተኛ ተጠቃሚ ደግሞ ያንኑ ስክሪፕት ሲያስነሳ በስሙ ላይ የሌላ ሰው ፋይል ተቀምጦ ያገኘዋል። ሊጽፍበት አይችልም፣ ስቲኪ ቢት ስላለች ሊያጠፋውም አይችልም። ስክሪፕቱ ስህተት ሲያገኝ እንዲቆም ከተጻፈ መቆለፊያው ጋ ሳይደርስ ያቆማል። ካልቆመም የሌላውን ሰው ፎቶ ዳራ አድርጎ ይቆልፋል። ሱዶ ልጠቀም ቢል እንኳ በ2018 ከወጣው ከርነል 4.19 ወዲህ ያለው መከላከያ እንደዚህ ባለ የጋራ ፎልደር ውስጥ ባለቤቱ ሌላ በሆነ ፋይል ላይ እንዲህ ፈጥሮ መጻፍን ለሩትም ጭምር ሊከለክል ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ሩት ሆኜ እንዴት «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለኛል ብሎ ቀኑን ያባክናል።

መፍትሔው አጭር ነው። ፎቶውን ቴምፕ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ያ 700 ያልኳችሁ የራሳችሁ ራንታይም ፎልደር ውስጥ አድርጉት፤ ሙሉ በሙሉ ስትወጡ አብሮ ይጠፋል። ስሙን «ኤምኬቴምፕ» ይስጠው፣ ማንም አስቀድሞ እንዳይገምተው። ስክሪፕቱ አናት ላይ ዩማስክ 077 ጻፉ፣ የሚፈጠረው ፋይል ለእናንተ ብቻ እንዲሆን። በምንም ምክንያት ቢቆም ፎቶውን እንዲያጠፋ በ«ትራፕ» እዘዙት። ደግሞም ፎቶው ባይሳካ መቆለፉ እንዳይቀር አድርጋችሁ ጻፉት፤ ምስል ካልተገኘ በባዶ ጥቁር ይቆለፍ። ማማሩ ቢቀር ምንም አይደል፣ መቆለፉ ግን መቅረት የለበትም።

ውጭ ተቆልፎባችሁ ለምትጨነቁ ደግሞ፦ በጥቁሩ መግቢያ ገብታችሁ «ሎግአይኤንሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ ሴሽናችሁን አግኝታችሁ እንዲከፈት ማዘዝ ይቻላል። የኬዲኢ መቆለፊያ ሲበላሽ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይህንኑ ጽፎ ያሳያል። ሁሉም መቆለፊያ ግን ይህን ትእዛዝ አይሰማም። አንዳንዱ ሰው መቆለፊያውን ከዚያ ሆኖ ይገድለዋል፤ ኤክስ ላይ ከሆናችሁ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ይከፈታል፣ ኤክስን በሚተካው ዌይላንድ ላይ አዲሱን የሴሽን መቆለፊያ ፕሮቶኮል በሚከተሉት ላይ ግን መቆለፊያው ቢሞትም ስክሪኑ እንደተቆለፈ ይቆያል። ትክክለኛውም እንዲህ መሆኑ ነው፣ ቁልፍ ሲሰበር በሩ መከፈት የለበትም።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ማስተካከያ እንዲወጣ ነው፣ ምክሩ በወጣበት በዚያው አምድ ላይ፣ በሚታይ ቦታ። ቢያንስ ያን ትዕዛዝ ሆማቸው ላይ ያስኬዱ አንባቢዎች ምን ያድርጉ የሚለው ይጻፍላቸው፤ ሆም ፎልደሩን ወደ 700፣ የኤስኤስኤች ፎልደሩን ወደ 700፣ በውስጡ ያሉትን የግል ቁልፎች ወደ 600፣ ኤክስ-ኦቶሪቲን ወደ 600 ይመልሱ። ከአንድ በላይ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ያደረጉት ደግሞ ቁልፎቻቸውን እንደተነበቡ ቆጥረው በአዲስ ይተኩ። አምደኛው ከፈለጉ ጽሑፉን አብሬያቸው ለማየት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ